ሊዮ፤ የሻይ ቤቱ የሒሳብ መኪና

ኮምፕዩተር በንግድ መሥሪያ ቤት ገብቶ የሒሳብ ሥራ መሥራት ከጀመረ ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ያሠራው ማን እንደ ሆነ ባልንጀሮቻችንን በጠየቅናቸው ጊዜ፣ አንዱ ትልቅ ባንክ ነው አለን፤ ሌላው የጦር ሠራዊት ነው አለን፤ ሦስተኛው ደግሞ ያለ ጥርጥር አሜሪካኖች ናቸው ብሎ ተከራከረን። በእንግሊዝ አገር ሻይና ኬክ የሚሸጥ ኩባንያ መሆኑን በነገርናቸው ጊዜ ግን ሁሉም ሣቁብን። እኛም መጀመሪያ ባነበብነው ጊዜ ሥቀን ስለ ነበር አልተቀየምናቸውም።

የዚህን ኩባንያ ታሪክ ለአንባቢ ለማቅረብ ያነሣሣን የማወቅ ፍላጎት ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንሠራበት መሥሪያ ቤት የደረሰ አንድ ነገር አለ፤ እርሱን አስቀድመን እንናገራለን።

የመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መክፈያ፣ በተለምዶ ፔሮል የምንለው፣ ለብዙ ዘመን ይሠራ የነበረው በአንዲት በዕድሜ የገፉ የሒሳብ ሠራተኛ እጅ ነው። እኒህን ሴት ሁላችንም እትዬ እያልን ስለምንጠራቸው እዚህም እንደዚያው እንላቸዋለን። እትዬ ሰንጠረዡን በኮምፕዩተር ይጽፉ ነበር፤ የሚያምኑት ግን ከጠረጴዛቸው መሳቢያ የማይለየውን ጥቁር ልባስ ያለውን ደብተራቸውን ነበር። በኋላ የሰው ኃይል፣ የሒሳብና የንብረት ሥራ በአንድነት የሚሠራበት አዲስ ፕሮግራም ተገዛ፤ የሰው ኃይል ክፍል ዝርዝርና የሒሳብ ክፍል ዝርዝር እየተመሳከሩ ወደ አዲሱ መዝገብ እንዲገቡም ታዘዘ። ሥራው ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል አንዱ እኛ ነበርን። በሁለቱም ዝርዝር ስማቸው ተመሳስሎ የተገኘውን ሰዎች ፕሮግራሙ ተቀበላቸው፤ ያልተመሳሰሉትን ወደ ጎን አደረጋቸው። ወደ ጎን የተደረጉት ጥቂቶች ስለ ነበሩ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቁ ሰዎች ይሆናሉ ብለን አለፍናቸው።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። የሁሉም ደመወዝ ወደ ባንክ ገባ፤ የበሩ ዘበኛ ደመወዝ ብቻ ቀረ። ስማቸው በአንደኛው ዝርዝር በ«ኃ»፣ በሁለተኛው ዝርዝር በ«ሀ» ተጽፎ ስለ ነበረ፣ ለፕሮግራሙ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሆነውበታል። ሽማግሌው ሦስት ቀን ታገሡ። በአራተኛው ቀን ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ወደ ክፍላችን ገብተው፣ «ልጆቼ፣ ሞቷል ተብሎ ተጽፎብኝ እንደ ሆነ እስቲ ተመልከቱልኝ» አሉን። ከዚህ ይልቅ ቢቈጡን ይሻለን ነበር። የቤት ኪራይ የሚከፍሉበት ቀን አልፎባቸው ነበር።

ወደ እትዬ ሄደን የእኒህ ሰው ስም በሁለት ዓይነት እንደሚጻፍ ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። መሳቢያቸውን ስበው ደብተሩን ገለጡና አሳዩን፤ ከስሙ አጠገብ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ታዲያ ለምን አልነገሩንም ብንላቸው፣ «ማን ጠየቀኝ?» አሉን።

እውነትም የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የሻይ ቤቱን ታሪክ ያነበብነው በዚያን ሰሞን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ጄ. ላየንስ የተባለው ኩባንያ በ1887 ተቋቋመ፤ በ1894 በለንደን ከተማ፣ ፒካዲሊ በሚባለው ጎዳና ላይ የመጀመሪያውን ሻይ ቤት ከፈተ። ቤቱ ንጹሕ፣ ዋጋውም ርካሽ ስለ ነበረ፣ በየቢሮው የሚሠራው ጸሐፊና ገበያ የምትወጣው ሴት ወደዱት። ውሎ አድሮ በልዩ ልዩ ከተሞች ወደ 200 የሚሆኑ ሻይ ቤቶች ተከፈቱ። ዳቦው፣ ኬኩና ሌላውም ምግብ በብዛት የሚዘጋጀው በምዕራብ ለንደን፣ ሃመርስሚዝ በሚባለው ሰፈር፣ ካድቢ ሆል በተባለው በኩባንያው ዋና ግቢ ነበር።

እዚህ ላይ የሻይ ንግድን ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል። መርከብ የሚሸጥ ነጋዴ በዓመት ጥቂት ውል ይዋዋላል፤ በአንዱ ውል የሚያገኘው ትርፍ የብዙ ጸሐፊዎች ደመወዝ ይችላል። ሻይ የሚሸጥ ግን በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ይሸጣል፤ ከእያንዳንዱ ስኒ የሚያገኘውም ሳንቲም የማይሞላ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ስኒ የራሱ ሒሳብ አለው፤ እያንዳንዱ ኬክ ከምድጃ ወጥቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ሱቅ ደርሶ፣ ተሽጦ ወይም ሳይሸጥ ተመልሶ መጻፍ አለበት። የአንዱን ስኒ ሒሳብ ለመያዝ የሚወጣው ወጪ ከስኒው ትርፍ የበለጠ እንደ ሆነ፣ ነጋዴው ሲሸጥ ውሎ ከስሮ ያድራል። ስለዚህ በላየንስ ቤት የመዝገብ ሥራ የኩባንያው ሕይወት ነበረ።

ይህን በሚገባ የተረዳ ጆን ሲመንስ የሚባል ሰው ነው። ሲመንስ በካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ የሒሳብ ትምህርት ተምሮ በ1923 ወደ ኩባንያው ገባ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአሠራር ምርመራ ክፍል እንዲቋቋም አደረገ። የዚህ ክፍል ሰዎች ሥራ ከየክፍሉ ጸሐፊ አጠገብ ተቀምጦ መመልከትና መጠየቅ ነበር። ይህ ወረቀት ለምን ይጻፋል? ከተጻፈ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ማን ያነበዋል? ባይጻፍስ ምን ይጐድላል? እንደዚህ ያለውን ጥያቄ ኮምፕዩተር የሚባል ነገር በዓለም ላይ ሳይኖር 15 ዓመት ያህል ሲጠይቁ ኖሩ። በእኛ አስተያየት የታሪኩ ቍልፍ ያለው እዚህ ዘንድ ነው፤ ብዙ ሰው ግን መኪናውን ለማየት ስለሚቸኩል ይህን ምዕራፍ ዘልሎ ያልፈዋል።

በ1947 ኩባንያው ኦሊቨር ስታንዲንግፎርድንና ሬይመንድ ቶምፕሰንን፣ በጦርነቱ ዘመን በአሜሪካ የቢሮ ሥራ ምን ያህል እንደ ተሻሻለ አይተው እንዲመለሱ ላካቸው። በቢሮዎቹ ያዩት ነገር ብዙም አላስደነቃቸውም። ያስደነቃቸው ለጦር ሠራዊቱ የሒሳብ ሥራ ስለ ተሠራው ኤኒያክ ስለሚባለው የኤሌክትሮኒክ መኪና የሰሙት ነገር ነው። ፕሪንስተን ሄደው ከዚህ መኪና ሠሪዎች አንዱ የነበረውን ኸርማን ጎልድስታይንን አነጋገሩት። ጎልድስታይን የመድፍ ጥይትን መንገድ የሚያሰላው መኪና የዳቦ ሒሳብም ሊይዝ እንደሚችል ወዲያው ገባው፤ እንዲያውም በአገራችሁ በካምብሪጅ እንዲህ ያለ መኪና የሚሠሩ ሰዎች አሉ ብሎ ነገራቸው። ውሃ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ምንጩ ከጓሯቸው ተገኘ ማለት ነው።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ካምብሪጅ ሄዱና ዳግላስ ሃርትሪንና ሞሪስ ዊልክስን አገኙ። ዊልክስ ኤድሳክ የተባለውን መኪና በመሥራት ላይ ነበር፤ ገንዘብና የሰው እጅ ግን አጥሮት ነበር። የላየንስ ኩባንያ 3,000 ፓውንድ ረዳው፤ ኧርነስት ሌናርትስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ዕውቀት ያለውን ሠራተኛውንም አዋሰው። ኤድሳክ በሜይ 6 ቀን 1949 የመጀመሪያውን ፕሮግራም በትክክል ሠራ። ይህ እንደ ታየ የኩባንያው ዲሬክተሮች የራሳቸው መኪና እንዲሠራ ፈቀዱ፤ የሚሸጥ ኮምፕዩተር ስላልነበረ ከመሥራት በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። የመኪናው ሥራ በጦርነቱ ጊዜ በራዳር ሥራ ላይ ለነበረው ለጆን ፒንከርተን ተሰጠ። ስሙም የላየንስ ኤሌክትሮኒክ ቢሮ ለማለት በአጭሩ ሊዮ ተባለ፤ ሊዮ በላቲን ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው።

ስለ መኪናው አካል ብዙ አንናገርም። ወደ 6,000 የሚጠጉ፣ በአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ እንደሚታየው ያሉ የመስታወት አምፑሎች ነበሩት፤ ትዝታውን የሚይዘው ባዜቃ በተሞሉ 64 ረጃጅም ቱቦዎች ነበር። አንድ ትልቅ ክፍል ሞልቶ ሳለ ሊይዝ የሚችለው ነገር ዛሬ ማናችንም በኪሳችን ከያዝነው ስልክ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

መኪናው ሲሠራ በሌላ ወገን ደግሞ የሚሠራው ሥራ እየተዘጋጀ ነበር። የዚህ ሥራ አለቃ ዴቪድ ካሚነር ይባላል። ካሚነር በ1936 ወደ ኩባንያው የገባ፣ በጦርነቱ ጊዜ በሰሜን አፍሪካ እግሩን ያጣ፣ ከዚያም የአሠራር ምርመራውን ክፍል ይመራ የነበረ ሰው ነው። ሰነፍ ሥራ ሲያይ ትዕግሥት አልነበረውም ይባላል። አንድ ሥራ ወደ ሊዮ ከመግባቱ በፊት፣ ሥራው ከየት ተነሥቶ በየት በኩል አልፎ ወዴት እንደሚደርስ በሥዕል ይነደፍ ነበር፤ በየመንገዱ መገናኛም ላይ «እንዲህ ባይሆንስ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ሠራተኛው በሳምንቱ መካከል ሥራ ቢለቅስ? ታሞ ቢቀርስ? የተሰጠው ብድር ከደመወዙ ቢበልጥስ? ሰው የሆነ ጸሐፊ እንደዚህ ያለ ነገር ሲገጥመው ብዕሩን አስቀምጦ ያስባል፣ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ወይም ከዚህ በፊት ያደረገውን ያስታውሳል። መኪና ግን ያልተነገረውን አያውቅም። ስለዚህ ከጸሐፊው ራስ ውስጥ ያለው ሁሉ ወጥቶ መጻፍ ነበረበት።

ፕሮግራም የሚጽፉትንም ሰዎች ከመኪናው ወገን ሳይሆን በአብዛኛው ከራሱ ከኩባንያው ሠራተኞች መካከል ለመምረጥ ሞከሩ። በ1952 ከእነዚህ ጋር የተቀላቀለችው ሜሪ ኩምስ በንግድ ፕሮግራም ጻፊነት የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ትታወቃለች። መኪናን ለሚያውቅ ሰው ሥራን ከማስተማር፣ ሥራን ለሚያውቅ ሰው መኪናን ማስተማር እንደሚቀል የተረዱ ይመስለናል።

ሊዮ የመጀመሪያውን የቢሮ ሥራውን በኖቬምበር 1951 ሠራ። ሥራው በሳምንቱ ከዳቦ መጋገሪያዎቹ የወጣውን የዳቦ፣ የኬክና የመሳሰለውን ሁሉ ዋጋ ማስላት ነበር። ከኖቬምበር 30 ቀን ጀምሮ ይህ ሥራ በየሳምንቱ ያለማቋረጥ የእርሱ ሆነ። በዓለም ላይ የንግድ ቤት መደበኛ ሥራ በኮምፕዩተር ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ይቈጠራል። ባልንጀራችን የተከራከረላቸው አሜሪካኖች ኮምፕዩተርን ለኩባንያ የደመወዝ ሥራ ያዋሉት በ1954 ነው፤ እርሱም በሉዊቪል ከተማ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በሚባለው ኩባንያ ዘንድ ነበር።

አሁን ወደ ደመወዙ ነገር ደረስን። ሊዮ የዳቦውን ሒሳብ ከያዘ በኋላ የደመወዝን ሥራ ለመረከብ ከሁለት ዓመት በላይ ቈየ። ይህ ለምን ሆነ? የደመወዝ ስሌት ከዳቦው እጅግ የከበደ ሆኖ አይደለም። አንደኛው ምክንያት የመኪናው አፍና እጅ፣ ማለት ነገር የሚቀበልበትና ውጤት የሚያወጣበት ዕቃ ነበር። ለዚህ ሥራ የመግነጢስ ጥብጣብ የሚያነብና የሚጽፍ ዕቃ ከሌላ ኩባንያ አዝዘው ነበር፤ ዕቃው ግን ብዙ ጊዜ ካባከነ በኋላ የማይታመን ሆኖ ተገኘ። የላየንስ ሰዎች ብዙ ደክመንበታልና ይቅር አንለውም አላሉም፤ ትተውት ወደ ተበሱ ካርዶችና ወደ ወረቀት ጥብጣብ ተመለሱ። አሮጌ ነገር ነው፤ ግን ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ድፍረት በእኛም በሌላውም አገር መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ገንዘብ የወጣበት ዕቃ እንደማይሠራ እያወቁ፣ ወጪው ስለሚያሳፍር ብቻ ዓመት ከዓመት ሲጐትቱት መኖር የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የበለጠውን ይነግረናል። የዳቦው ሒሳብ አንድ ቀን ቢዘገይ ዳቦው ተበልቷል፤ ጉዳቱም አለቃው ዘገባውን በማግሥቱ ማንበቡ ብቻ ነው። ደመወዝ አንድ ቀን ቢዘገይ ግን በየሳምንቱ ዓርብ የሚቀበለው ጋጋሪ ቤቱ የሚጠብቁትን ልጆቹን ምን ይላቸዋል? ስለዚህ የኩባንያው ሰዎች መኪናው እንደሚታመን እስኪያረጋግጡ ድረስ ሥራውን አልሰጡትም። መሐንዲሶቹ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የኤሌክትሪኩን ኃይል ሆን ብለው ከፍና ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ሊቃጠል የተቃረበ አምፑል በዚህ ጊዜ ስለሚደክም፣ በሥራው መካከል ሳይሆን አስቀድሞ ይለወጣል። የደመወዙም ፕሮግራም መኪናው በመካከል ቢቆም ሁሉን ከመጀመሪያው ሳይደግም ከቅርብ ቦታ እንዲቀጥል ሆኖ ተጻፈ። ከዚያም ለሳምንታት አንዱን ደመወዝ ጸሐፊዎቹም በእጃቸው፣ ሊዮም በበኩሉ እየሠሩ ውጤቱ ይመሳከር ነበር። በ1954 መጀመሪያ ላይ ነው ጸሐፊዎቹ ብዕራቸውን ያስቀመጡት። አንድ የለመደ ጸሐፊ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ለማስላት 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት የነበረውን ሊዮ በ1.5 ሰከንድ ሠራው። የታሪኩ ጸሐፊዎች ይህን ቍጥር እየደጋገሙ ይጠቅሱታል፤ እኛን የሚያስደንቀን ግን ከ1.5 ሰከንዱ ይልቅ የሁለቱ ዓመት ትዕግሥት ነው።

ሊሳሳት የሚችለው መኪናው ብቻ አልነበረም። በካርድ ይሠራ በነበረበት ዘመን አንዲት ጸሐፊ ካርዱን ከበሳች በኋላ፣ ሌላዋ ያንኑ ወረቀት እያየች ደግማ ትመታዋለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ካርዱ ይጣላል። ደግሞ የማመሳከሪያ ድምር የሚባል ነገር አለ። ወረቀቶቹ ወደ መኪናው ከመግባታቸው በፊት ስንት እንደ ሆኑና በላያቸው ያለው ቍጥር ሲደመር ስንት እንደሚሆን ተጽፎ ይቀመጣል፤ መኪናውም በበኩሉ ይደምራል፤ ሁለቱ ድምሮች ካልተገናኙ ሥራው አይቀጥልም። ይህ ጥበብ ከኮምፕዩተር በፊት የነበረ የደንበኛ ሒሳብ ሠራተኛ ልማድ ነው። እኛ ግን በዚያ ወር፣ ባለፈው ወር ደመወዝ የተቀበሉት ስንት ሰዎች እንደ ነበሩና በዚህ ወር ስንት እንደ ሆኑ አልተመለከትንም። ቍጥሩ በአንድ ጐድሎ ነበር። ሁለት መስመር ንባብ ለዘበኛው የቤት ኪራይ በበቃ ነበር።

ከሊዮ ሥራዎች ሁሉ እኛ የምንወደው በ1954 የጀመረውን የሻይ ቤቶቹን የትእዛዝ ሥራ ነው። ቀድሞ እያንዳንዷ የሻይ ቤት ኃላፊ ለነገ የሚያስፈልጋትን የዳቦ፣ የኬክና የሌላም ምግብ ዓይነት በየቀኑ ጽፋ ትልክ ነበር። ይህን ሥራ እንዳለ ወደ መኪናው ማዛወር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የብዙ ዓይነት ምግብ ትእዛዝ ከየሻይ ቤቱ በየቀኑ ወደ ካርድ መገልበጥ አዲስ የጸሐፊ ሠራዊት ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ጠየቁ፤ ከትናንት ሳምንት ማክሰኞ እስከ ዛሬ ማክሰኞ በውነቱ የሚለወጠው ምን ያህል ነው? የሚለወጠው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሻይ ቤት፣ ለሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀን ቋሚ ትእዛዝ ተደርጎለት በመኪናው ዘንድ ተቀመጠ። ኃላፊዋ የምትናገረው ልዩነቱን ብቻ ሆነ። ከቀትር በኋላ ስልክ ይደወልላታል፤ ነገ ዝናብ ሊሆን ነውና ከዚህ ቀንሱልኝ፣ በዚያ ጨምሩልኝ ትላለች፤ በጆሮዋ ማዳመጫ ያደረገችው የካድቢ ሆል ሠራተኛ እየሰማች ካርዱን ትበሳለች። ሊዮ ልዩነቱን ከቋሚው ጋር አዋሕዶ፣ መጋገሪያው ምን ያህል እንደሚጋግር፣ ለየሻይ ቤቱ የሚጫነው ምን እንደ ሆነና ዋጋው ስንት እንደሚደርስ በአንድ ጊዜ ያወጣል። ሌሊቱን ተጋግሮ ጠዋት ይደርሳል። ኃላፊዋ ከወረቀት ድካም ዐረፈች፤ ወረቀቱ የቀነሰው ግን በመኪናው ፍጥነት ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ነው።

የሊዮ ፍጻሜ እንደ ጅማሬው የሚያስደስት አይደለም። ኩባንያው በ1954 ሊዮ ኮምፕዩተርስ የተባለ ቅርንጫፍ አቋቁሞ መኪናውን ለሌሎች መሸጥ ጀመረ፤ ሊዮ ሁለተኛና ሊዮ ሦስተኛ ተከታትለው ወጡ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚያፈስሱትን ገንዘብ ያህል ከኬክ ትርፍ ማፍሰስ አልተቻለም። ቅርንጫፉ በ1963 ከኢንግሊሽ ኤሌክትሪክ ጋር ተቀላቀለ፤ በ1968 አይ.ሲ.ኤል. በሚባለው ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ገብቶ ስሙ ጠፋ። የመጀመሪያው ሊዮ በጃኑዋሪ 1965 ተዘጋ። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ፖስታ መሥሪያ ቤት ከገዛቸው የሊዮ ሦስተኛ መኪናዎች የመጨረሻዎቹ እስከ 1981 ድረስ ሠርተዋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዘበኛው ጉዳይ እንመለሳለን፤ ምክንያቱም የእኛ ሥራ ለላየንስ ሰዎች ያልገጠማቸው አንድ ችግር አለበት። እርሱም የፊደላችን ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ በሆነው ዩኒኮድ በተባለው የፊደል ሠንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በየኩባንያው የተሠራው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የሚሰጠው ቍጥር ልዩ ልዩ ስለ ነበረ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ነገር ይሆን ነበር፤ እስከ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ የተቈለፈ አሮጌ ፋይል አይጠፋም። ዩኒኮድ ይህን አስታረቀ፤ ነገር ግን ሌላው ችግር እንዳለ ቀረ። ለዩኒኮድ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቍጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሊቃውንቱ ደስ ይላቸዋል፤ የመዝገብ ሠራተኛው ግን ይቸገራል።

ይህን በስሌት ብናየው እንዲህ ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ፣ ማለት በ6 ዓይነት ሲጻፍ ይታያል። ሥ በሁለት፣ ሴም በሁለት ዓይነት ይጻፋል። 6 በ2፣ እንደገና በ2 ሲባዛ 24 ይሆናል። ስሙን አንዱ ለያይቶ ሌላው አጣብቆ ስለሚጽፈው ደግሞ 48 ይሆናል። አንድ ሰው፣ አንድ እናት የወለደችው፣ በኮምፕዩተር ዘንድ 48 ሰዎች ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የአባትና የአያት ስም ሲጨመር ምን ያህል እንደሚደርስ ለአንባቢ እንተወዋለን። የዘበኛችን ስም ከዚህ ወገን ነበረ።

መድኀኒቱ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙዎች ዘንድ አይደረግም። ሁለት ዝርዝር በስም መመሳከር የለበትም። ሠራተኛው በተቀጠረ ቀን መለያ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ያ ቍጥር በሰው ኃይል፣ በሒሳብ፣ በንብረትና በጡረታ መዝገብ አንድ ሆኖ ይኖራል፤ ስሙ እንደፈለገ ቢጻፍ ሰውየው አይጠፋም። አሮጌ ዝርዝር ያለ ቍጥር የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ከማመሳከር በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ሁሉ ወደ አንድ ተለውጠው ይነጻጸራሉ፤ የሰውየው ትክክለኛ አጻጻፍ ግን ለብቻው ሳይነካ ይቀመጣል። ሳይመሳሰል የቀረው ስም ደግሞ፣ እኛ እንዳደረግነው በግምት የሚታለፍ ሳይሆን፣ አንድ በአንድ በሰው ዓይን የሚታይ ነው። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ከውጭ የተገዛ ፕሮግራም ዓመት 12 ወር መሆኑን እንጂ ጳጉሜንን አያውቅም፤ የበጀት ዓመታችን በሐምሌ 1 ቀን እንደሚጀምርም የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

የዘበኛው ደመወዝ በማግሥቱ ለብቻው ተሠርቶ ተከፈለ። አዲሱ ፔሮል ግን እንዲቆም ለአለቆቻችን አመለከትን፤ ተቈጡ፤ በኋላ ፈቀዱ። ከዚያ ወንበራችንን ይዘን ወደ እትዬ ክፍል ሄድን። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ በዚያ ደብተር ውስጥ ያለውንም ከእርሳቸው በቀር የሚያነብ አልነበረም፤ ግማሹ በራሳቸው ምልክት የተጻፈ ነውና። ገጽ በገጽ ጠየቅናቸው። ይህ ሾፌር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለልጆቹ ቀለብ ይቈረጥበታል፤ ይህች ጸሐፊ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩን ዕዳ ጨርሳለችና ከመጋቢት በኋላ አይቈረጥባትም፤ እነዚህ ሁለቱ ስማቸው እስከ አያት አንድ ነው፤ አንዱ ወጣት አንዱ ሽማግሌ ነውና በዕድሜ ለዩአቸው፤ ይኸኛው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ነው፤ ሲመለስ ራሱ መጥቶ ካልነገራችሁ ማንም አይነግራችሁም። እየጻፍን ሳምንታት አለፉ። እርሳቸውም መጀመሪያ ቈጣ ቈጣ ይሉ የነበረው ቀርቶ፣ በኋላ በኋላ ጠዋት ገና ሳንቀመጥ፣ ሌሊት ያስታወሱትን ይነግሩን ጀመር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር እትዬ በሰንጠረዣቸው፣ እኛም በፕሮግራሙ አንዱን ደመወዝ ለየብቻ ሠራን። በመጀመሪያው ወር ሦስት ልዩነት ተገኘ። ሁለቱ የእኛ ስሕተት ነበሩ። ሦስተኛው ግን የእትዬ ነበር። ይህን ስንነግራቸው አላመኑንም፤ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ደመሩ፤ ከዚያ ዝም ብለው በደብተሩ ላይ አረሙት። በሁለተኛው ወር ልዩነት አልተገኘም።

ደብተሩን ሲያስረክቡን ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጥን። እዚያ ላይ የራሳቸው ስም ከነቀይ ምልክቱ ተጽፎ አገኘነው፤ በደመወዝ መዝገቡ በ«ሠ» ነው፤ በጡረታው መዝገብ በ«ሰ» ነው። ለስንት ዓመት እንዲህ እንደ ኖረ ጠየቅናቸው። ከተቀጠሩ ጀምሮ ነው። የእርሳቸውን ጉዳይ ለመከታተል ጊዜ አላገኙም ነበር። ደብዳቤ ጽፈን፣ ማኅተም አስመትተን፣ ከየመሥሪያ ቤቱ ተመላልሰን ሁለቱን መዝገብ አንድ ያደረግነው፣ ሊሰናበቱ አራት ቀን ሲቀራቸው ነው።